50 ቃል በስንት ወር?

በፌብሩዋሪ 2022 የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጋር ሆኖ ወላጆች የልጆቻቸውን እድገት የሚከታተሉበትን ዝርዝር አሻሽሎ አወጣ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ2004 ጀምሮ ሲሠራበት የነበረው ዝርዝር ለየዕድሜው የሚጽፈው ከልጆች ግማሽ ያህሉ የሚደርሱበትን ችሎታ ነበር። አዲሱ ግን ከመቶ ልጆች 75ቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት የሚችሉትን ብቻ እንዲይዝ ተደረገ። የ15 ወርና የ30 ወር ገጾች ተጨመሩ፤ ዳዴ ማለት ጭራሹን ወጣ። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት በ24 ወር ሲጠብቁት የኖሩት “50 ያህል ቃል ይናገራል” የሚለው መስፈርት ደግሞ 30 ወር ላይ ተቀመጠ።

ጩኸቱን ያስነሣችው ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ናት። ልጆቹ በኮቪድ ቤት ተዘግተው ከርመው ንግግር ሲያጥራቸው ጊዜ መለኪያውን ዝቅ አደረጉላቸው የሚል ወሬ ተናፈሰ። ሥራው የተጀመረው ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት ስለነበር ወሬው መሠረት አልነበረውም። የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር ያነሣው ቅሬታ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም፤ ዝርዝሩን ባዘጋጀው ቡድን ውስጥ አንድም የንግግር ሕክምና ባለሙያ አለመኖሩን ነቅፎ በ2023 የራሱን ዝርዝር አወጣ። የአዘጋጆቹ መልስም የሚናቅ አይደለም። የቀድሞው መለኪያ በግማሽ ላይ የቆመ በመሆኑ ከሁለት ልጆች አንዱ “አልደረሰም” ይባል ነበር። ሐኪሙም ይህን ስለሚያውቅ “እስቲ ትንሽ እንጠብቅ” ማለትን ልማድ አደረገው። አብዛኛው ልጅ የሚችለው ብቻ ከተጻፈ ግን ያልቻለውን ልጅ ሳይጠብቁ ወደ ምርመራ መላክ ይቻላል።

ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ። እኔን የገረመኝ ሙግቱ የተነሣበት ቦታ ነው። እዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ 50 ቃል ከመጠየቁ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ፣ ሌሎች መስመሮች አሉ፤ በ9 ወር ስሙ ሲጠራ ይዞራል፣ በ12 ወር ቻው ሲሉት እጁን ያወዛውዛል፣ በ15 ወር የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል፣ በ18 ወር ደግሞ ደስ ያለውን ነገር ሌላው ሰው እንዲያይለት ይጠቁማል። ስለእነዚህ የተከራከረ የለም ማለት ይቻላል። ላለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት በኦቲዝም፣ በዳውን ሲንድሮም፣ በዊሊያምስ ሲንድሮምና በመሳሰሉት የአንጎል እድገት መዛባቶች ላይ የተደረገው ምርምር ግን ከቃሉ ቁጥር ይልቅ እነዚህን ያልተወራላቸውን መስመሮች የሚያከብድ ነው።

የ50 ቃሉ ነገር ከየት መጣ? አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ሌስሊ ሬስኮርላ በ1989 ለወላጆች የሚሰጥ የቃላት መጠይቅ አሳተሙ። በ24 ወሩ ከ50 ቃል በታች ያለው ወይም ሁለት ቃል ማገጣጠም ያልጀመረ ልጅ “ዘግይቶ ተናጋሪ” ተብሎ ክትትል ይገባዋል አሉ። መጠይቁ ጠቃሚ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን ከመቶ የሁለት ዓመት ልጆች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ እኩዮቻቸውን ይጠጋሉ። “አባቱም አፉን የፈታው በአራት ዓመቱ ነው” የሚሉት አያት ብዙ ጊዜ ትክክል የሚሆኑት ለዚህ ነው። ዘግይቶ የሚደርሰውን ልጅ ከማይደርሰው ለመለየት የቃላቱ ቁጥር ለብቻው አይበቃም። በሌላ በኩል ደግሞ ቁጥሩን ያለ ችግር የሚያልፉ አሉ። ፊደል ከሀ እስከ ፐ የሚወርድ፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ቃል በቃል የሚደግም፣ መኪናን በየዓይነቱ የሚጠራ፣ ነገር ግን ውሃ ሲጠማው ማንንም የማይጠይቅ የሦስት ዓመት ልጅ በቃላት ቆጠራ ጎበዝ ነው።

ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚያታልል ከሁሉ በላይ ያሳየው የዊሊያምስ ሲንድሮም ታሪክ ነው። ይህ ከ7ኛው ክሮሞሶም ላይ ከሃያ አምስት በላይ ጂኖችን የያዘች ቁራጭ ስትጎድል የሚመጣ፣ ብዙ ያልተለመደ ችግር ነው። ልጆቹ ሰው ወዳድ ናቸው፤ እንግዳ አያፍሩም፤ ሲያድጉ ተናጋሪዎች ይሆናሉ። የማሰብ ችሎታ ፈተና ሲሰጣቸው ግን ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣሉ፤ ቀላል ሥዕል አይቶ መገልበጥ ይቸግራቸዋል። በካሊፎርኒያው የሳልክ ተቋም የምልክት ቋንቋ ተመራማሪ የነበሩት ኡርሱላ ቤሉጂ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እነዚህን ልጆች አጠኑ። በየመማሪያ መጽሐፉ የዞረ አንድ ምሳሌ አለ፤ አንዲት ወጣት ዝሆን እንድትሥል ስትጠየቅ ወረቀቱ ላይ ያሰፈረችው የተበታተኑ መስመሮችን ነበር፤ ዝሆን ምን እንደሆነ በቃል እንድትናገር ስትጠየቅ ግን በምስል የተሞላ ረጅም ገለጻ ሰጠች። ከዚህ ተነሥተው ብዙ ሊቃውንት ፈጣን ድምዳሜ ላይ ደረሱ፦ ቋንቋ በአንጎል ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፣ የዊሊያምስ ልጆች ሌላው ሁሉ ሲጎዳባቸው ያ ክፍል ተርፎላቸዋል።

ይህን ድምዳሜ የተገዳደሩት እንግሊዛዊቷ አኔት ካርሚሎፍ-ስሚዝ ናቸው። ወደ ሥነ ልቦና ከመግባታቸው በፊት ለተባበሩት መንግሥታት አስተርጓሚ ነበሩ፤ በጄኔቫ የታወቁት የልጆች እድገት ተመራማሪ የፒያዤ ተማሪ ሆኑ፤ በኋላም በለንደን የራሳቸውን የምርምር መስመር ዘረጉ። ያነሡት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ አዋቂው ላይ ያየነውን ወደ ሕፃኑ መልሶ መለጠፍ በምን ሥልጣን ነው? በ1999 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት መልሱን ሰጠ። በአዋቂነት የዊሊያምስ ሰዎች የቃላት ችሎታ ከዳውን ሲንድሮም ሰዎች ይበልጣል። ሕፃናቱ ሲፈተኑ ግን ሁለቱም ወገን ቃላትን በመረዳት እኩል ዘግይተው ተገኙ። “የተረፈ” የተባለው ችሎታ መጀመሪያውኑ ጤነኛ አልነበረም፤ በሌላ መንገድ ዞሮ የደረሰ ነበር።

የሉዊቪሏ ካሮሊን ሜርቪስና ባልደረቦቿ ደግሞ መንገዱ የት ላይ እንደሚለይ አሳዩ። የተለመደው ልጅ መጀመሪያ ይጠቁማል፣ በኋላ ይሰይማል፤ ድመቷን በጣቱ ያሳያል፣ እናት “ድመት” ትለዋለች፣ ከሳምንታት በኋላ እሱም ይላታል። የዊሊያምስ ልጆች ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጡታል። ስሙን አስቀድመው ይናገራሉ፣ መጠቆም ኋላ ይመጣል። ትኩረታቸው ፊት ላይ፣ የሚያናግራቸው ሰው ላይ የተጣበቀ ነው፤ ሰውዬው ወደሚያየው ነገር ዓይናቸውን ማዞር ይከብዳቸዋል። ቃሉን የሚይዙት በጆሯቸው ጥሩነትና ለሰው ባላቸው ፍቅር ነው። ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ከሌሎች ልጆች ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ አካሄዱ ግን ለየቅል ነው። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ዋና ነገር ይህ ነው፦ የአንድን ልጅ ቋንቋ ለመረዳት ስንት ቃል እንደደረሰ ብቻ ሳይሆን በምን በኩል እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። ርዳታውም የሚሰጠው መንገዱ ላይ ነው።

ዳውን ሲንድሮም በተቃራኒው የቆመ ምሳሌ ነው። እነዚህ ልጆች መጠቆምና በምልክት መግባባት ይሆንላቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚረዱት ከሚናገሩት ይበልጣል። የሚያስቸግራቸው የሰሙትን ቃል ለአጭር ጊዜ በአእምሮ ይዞ መቆየት፣ ድምፁን አጥርቶ ማውጣት፣ ሰዋስውን ማደራጀት ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ጆሯቸው ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ መስማታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። (የትኛውም ልጅ ንግግሩ ሲዘገይ ከሁሉ አስቀድሞ የመስማት ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ይህን የማይጠይቅ ሐኪም ካጋጠመ ወላጅ ራሱ ይጠይቅ።) ከንግግር ጎን ለጎን የእጅ ምልክት ማስተማር ለእነዚህ ልጆች የጠቀመው የሚበረታባቸውን በር ስለሚጠቀም ነው። “ምልክት ከለመደ አይናገርም” የሚለው ሥጋት አሁንም በየቤቱ አለ። ማስረጃው ግን ሌላ ይላል፤ በ2006 የታተመ አንድ ግምገማ የተለያዩ የእድገት ችግሮች ያሉባቸው 27 ሰዎች ምልክት፣ ሥዕል ወይም ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ሲሰጣቸው የንግግራቸውን ሁኔታ መርምሮ ነበር። ከመቶ 89ኙ ንግግራቸው ጨመረ፣ የቀሩት ባሉበት ቆዩ፤ የቀነሰበት አንድም አልተገኘም።

ወደ ኦቲዝም ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። የሕፃናት አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 ከባልቲሞር ስለ 11 ልጆች የጻፉት ጽሑፍ የዘርፉ መነሻ ነው። ከ11ዱ 8ቱ ይናገሩ ነበር። ካነር ግን ንግግራቸው ለዓመታት ለመግባቢያ እንዳልዋለ አስተዋሉ፤ የሰሙትን እንዳለ ይመልሳሉ፣ “እኔ” በማለት ፈንታ “አንተ” ይላሉ። ይህን ለማሰብ አማርኛ ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል። ልጁን “ውሃ ትፈልጋለህ?” ብለን ስንጠይቀው “ውሃ ትፈልጋለህ” ብሎ ይመልሳል። በአማርኛ ማን እንደሚፈልግ የሚነግረን ግሱ ራሱ ስለሆነ፣ ማስተጋባቱ ወዲያው ጆሮ ይይዛል። ለረጅም ጊዜ ይህ ትርጉም የለሽ ተደርጎ ሲታይ፣ እንዲጠፋም ሲሠራበት ኖሯል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሪ ፕሪዛንትና ባልደረቦቹ ልጆቹ የሚያስተጋቡት መቼና ለምን እንደሆነ ተከታትለው ሲያዩ ግን ብዙው ሥራ ያለው ሆኖ አገኙት፤ ተራ መያዣ፣ “አዎ” ማለቻ፣ መጠየቂያ። “ውሃ ትፈልጋለህ” ያለው ልጅ በእርግጥም ውሃ እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። ተገቢው መልስ ዝም ማሰኘት ሳይሆን ውሃውን እየሰጡ “ውሃ እፈልጋለሁ” ብሎ ትክክለኛውን መልክ ማቀበል ነው።

ከንግግሩ ሥር ያለው ደግሞ ባለሙያዎች የጋራ ትኩረት የሚሉት ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ፣ አንዲት ድመት በበሩ ብቅ ስትል የ15 ወር ልጅ ድመቷን ያያል፣ እናቱን ያያል፣ መልሶ ድመቷን ያያል፤ ጣቱን ይዘረጋል። የሚፈልገው ነገር የለም፤ “አየሽልኝ?” ነው የሚለው። ያን ጊዜ እናት “ውይ ድመቷ መጣች!” ስትል ቃሉ ሁለቱም ከሚያዩት ነገር ጋር ይጣበቃል። ጃና አይቨርሰንና ሱዛን ጎልዲን-ሜዶው በ2005 ያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ ልጆች ዛሬ በእጃቸው የሚያመለክቱት ነገር ከወራት በኋላ በቃላቸው ውስጥ ይገኛል። በኦቲዝም የሚደናቀፈው በአብዛኛው ይህ “አየሽልኝ” ነው። ለመጠየቅ መጠቆሙ ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዱም ልጅ የእናቱን እጅ ይዞ እንደ ዕቃ ማቀዝቀዣው ላይ ያስቀምጣል። ለማሳየት መጠቆሙ ግን ይዘገያል፣ ወይም ይቀራል። ቃል የሚመጣበት ሰፊው በር ስለጠበበ ቃሉም በጭላንጭል ይገባል፤ ከማስታወቂያ፣ ከዘፈን፣ ከፊደል ገበታ።

እዚህ ላይ የኛ ቤት ጥያቄ ያነሣል። ልጅ የታላቅን ዓይን ትኩር ብሎ እንዳያይ፣ በእንግዳ ፊት ዝም እንዲል በሚያደርግ አስተዳደግ ውስጥ እነዚህ ምልክቶች ይሠራሉ ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ዝምተኛ ልጅ “ጨዋ” እየተባለ የሚመሰገንበት ቤት ውስጥ የዓይን ግንኙነትን ከውጭ በመጣ መጠይቅ መለካት ሊያሳስት ይችላል። መጠቆም ግን ሌላ ነው። ኡልፍ ሊሽኮቭስኪና ባልደረቦቹ በ2012 በሰባት የተለያዩ ባህሎች ውስጥ ያደረጉት ጥናት ሕፃናት በአንደኛ ልደታቸው አካባቢ ላሳዳጊዎቻቸው በጣት እንደሚጠቁሙ፣ ይህም ባህል የማይለየው እንደሆነ አሳይቷል። ሥርዓት የሚማር ልጅ ዓይኑን መስበር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የአንድ ዓመት ተኩሉ ሕፃን፣ የትኛውም መንደር ይወለድ፣ ለእናቱ ወፏን ያሳያል።

ስለ ሌላው፣ ስለማይታየው ችግር በአጭሩ ልበል። ከመቶ ልጆች 7 ያህሉ ኦቲዝምም፣ የመስማት ችግርም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነትም ሳይኖራቸው ቋንቋ ብቻ ይከብዳቸዋል። በ2017 በዶሮቲ ቢሾፕ መሪነት ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ለዚህ አንድ የጋራ ስያሜ እስኪስማሙለት ድረስ በየአገሩ በየስሙ ሲጠራ ኖሯል። ቁጥሩ ከኦቲዝም ይበልጣል፤ የሚያውቀው ሰው ግን እጅግ ያንሳል። እነዚህ ልጆች ይጠቁማሉ፣ ይስቃሉ፣ ይጫወታሉ። ችግሩ የሚገለጠው በትምህርት ቤት ነው፤ “ሰነፍ” ወይም “ግትር” ተብለው። ስለዚህ መጠቆምን ማየት ሁሉን ይይዛል ማለት አልችልም። ለእነዚህኞቹ የሁለት ቃል ማገጣጠሙ፣ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር የተሻለ ይናገራል።

እንግዲህ መንገዱን ማየት ለርዳታ ምን ጠቀመ? በሎስ አንጀለስ የኮኒ ካሳሪ ቡድን በ2006 ባሳተመው ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን 58 ልጆች፣ የሦስትና የአራት ዓመት የሆኑትን፣ በሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን የጋራ ትኩረትን፣ ሌላው የማስመሰል ጨዋታን፣ በቀን ለግማሽ ሰዓት ለጥቂት ሳምንታት ተለማመደ፤ ሦስተኛው የተለመደውን ትምህርት ብቻ ቀጠለ። ልምምዱ ቃል ማስጠናት አልነበረም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲፈተኑ የሁለቱ ቡድኖች የመናገር ችሎታ ከሦስተኛው ፈጥኖ አድጎ ተገኘ፤ ሲጀምሩ ቃል አልነበራቸውም ማለት የሚቻልባቸው ልጆች ደግሞ በተለይ ከጋራ ትኩረቱ ተጠቀሙ። በእንግሊዝ የጆናታን ግሪን ቡድን በ152 ልጆች ላይ ያደረገው ሙከራ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በ2010 ወጣ። ዘዴው ወላጅና ልጅ ሲጫወቱ በቪዲዮ ተቀርጾ፣ ወላጁ ከባለሙያ ጋር ሆኖ የሚያየው ነው። “እዚህ ላይ ቀና ብሎ አየሽ፣ ያን ጊዜ ምን አልሽ?” ነው ሥራው ሁሉ። የወላጆቹ አመላለስ በጉልህ ተለወጠ። ልጆቹ በመደበኛ የቋንቋ ፈተና ላይ ያሳዩት ለውጥ ግን ትንሽ ነበር። ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ የተደረገው ክትትል የኦቲዝም ምልክቶች ጫና ቀንሶ አገኘ። ይህን ተአምር ብሎ የሚሸጥ ሰው አለ። ተአምር አይደለም፤ መጠነኛ ነው፣ ግን ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ ነው።

ከመጠን ያለፈ ተስፋ የሚጎዳውን ያህል ተስፋ መቁረጥም ይጎዳል። “በአራት፣ በአምስት ዓመቱ ካልተናገረ ከዚያ ወዲያ አይናገርም” የሚለው አባባል ከባለሙያም አፍ ይሰማል። ኤሪካ ዎድካና ባልደረቦቿ በ2013 በአራት ዓመታቸው ከባድ የቋንቋ መዘግየት የነበረባቸውን፣ በጥናቱ ወቅት ግን 8 ዓመት የሞላቸውንና ያለፋቸውን 535 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች መርምረው ነበር። ከመቶ 70ዎቹ ቃላት አገጣጥመው መናገር ችለዋል፤ 47ቱ አቀላጥፈው ይናገራሉ። ንግግር ይመጣል አይመጣም የሚለውን ይበልጥ የጠቆሙት ያለ ቃል የሚለካው የማሰብ ችሎታና ከሰው ጋር ያለው ቀረቤታ ነበሩ። በሌላ በኩል ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከመቶ 30 ያህሉ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላም በጣም ጥቂት ቃል ብቻ ይኖራቸዋል። ለእነዚህ ንግግር እስኪመጣ መግባባትን ማስቆየት በደል ነው። በሥዕል እያመለከቱ መግባባት ይቻላል፤ ሥዕል ያለበት ካርቶን ለመሥራት ውድ ዕቃ አያስፈልግም።

በውጭ ለሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ሌላ ፈተና አለ። በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ወይም በእስራኤል፣ የልጁ ንግግር ሲዘገይ “ሁለት ቋንቋ አምታታው፣ አማርኛውን ተዉት” የሚል ምክር ከመምህርም ከሐኪምም ይመጣል። ምክሩ በቅን ልቦና የሚሰጥ ነው፤ ማስረጃ ግን የለውም። በካናዳ ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ልጆች ላይ በ2005 በታተመው ጥናት፣ ናሙናው ትንሽ ቢሆንም፣ በሁለት ቋንቋ የሚያድጉት በአንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያድጉት ያነሰ እንግሊዝኛ አልነበራቸውም። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በ2012 የታተመው የሃምብሊና የፎምቦን ሥራም ተጨማሪ መዘግየት አላገኘም። አማርኛውን መተው ግን የሚያሳጣው ግልጽ ነው። እናቲቱ በተሰበረ እንግሊዝኛ የምትናገረው ያንሳል፤ ወፏን አይታ “ውይ!” የምትለው በእንግሊዝኛ አይደለም። አያትየው ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላሉ። የጋራ ትኩረቱን ሊሞሉ ከሚችሉት ሰዎች ግማሹ ከጨዋታው ይወጣሉ። ልጁ ሲመረመር “ውሃ” እና “ዋተር” ሁለቱም ይቆጠሩ ዘንድ ወላጅ መጠየቅ መብቱ ነው፤ በአንዱ ቋንቋ ብቻ የተደረገ ምርመራ ግማሽ ልጅ ነው የሚያየው።

በአገር ቤት ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ መነሻቸው የራሳቸው ልጅ ነበር። ለማይናገሩ ልጆች የፊደላችንን የድምፅ አደረጃጀት የተጠቀመ የማስተማሪያ ዘዴም ሞክረዋል። ከእሳቸው በኋላ ወላጆች ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ዛሬም ቢሆን ሸክሙን በአብዛኛው የተሸከሙት እንዲህ ያሉ በወላጅ እልህ የቆሙ ቦታዎች ናቸው፤ ወረፋቸውም ረጅም ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት አእምሮ ሕክምና ክሊኒኮች በ102 አሳዳጊዎች ላይ የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ወላጆች ለልጃቸው ሁኔታ የሕክምናውንም የመንፈሱንም ምክንያት አብረው ይሰጣሉ፤ ጸበልም ሐኪምም ይሄዳሉ። ከሁሉ በላይ ያጣነው የሚሉት የትምህርት ዕድል ነው።

ስለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ሥልጠና ለኢትዮጵያ ከአሜሪካው ዝርዝር የሚበልጥ ዜና የሚመስለኝ። ሥልጠናው ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆችን ለሚያሳድጉ ነው፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። የሚሰጡት ስፔሻሊስቶች ሳይሆኑ የሠለጠኑ ሌሎች ሠራተኞች ናቸው። ይዘቱ ካሳሪና ግሪን ከሠሩት ብዙ የራቀ አይደለም፤ ልጁ የሚያየውን ተከትሎ ማየት፣ በየዕለቱ ሥራ መሃል ተራ መሰጣጠት፣ ላቀረበው ምልክት ሁሉ መልስ መስጠት። እንጀራ ሲቆረስ፣ ልብስ ሲታጠብ የሚሆን ነው። ኢትዮጵያ ይህን ሥልጠና ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት፤ ቤተልሔም ተኮላና ባልደረቦቿ በአዲስ አበባና በገጠር ሞክረውት ውጤቱን በ2020 አሳትመዋል። ከዚያም በኢትዮጵያና በኬንያ ስፓርክ የተባለው ሰፊ ፕሮጀክት ተከተለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ኦቲዝምና ስለ አእምሮ እድገት ውስንነት የሚማሩባቸው የአማርኛ ቪዲዮዎችም ከዚያ ቀደም ተሠርተው ነበር።

የቀረው ይህን ሥልጠና ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ጋር ማጣመሩ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን በ9 ወሩ የመጀመሪያውን፣ በ15 ወሩ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ የተጨመረውን ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ለመውሰድ ጤና ጣቢያ ይመጣል። ሁለቱም ቀኖች ለስም መልስ መስጠትና መጠቆም በየተራቸው መታየት ካለባቸው ዕድሜዎች ጋር ይገጥማሉ። ነርሷ መርፌውን ከመውጋቷ በፊት፣ እንደ ልጁ ዕድሜ፣ “ስሙን ስትጠሪው ይዞራል? የሚፈልገውን በጣቱ ያሳይሻል? ደስ ያለውን ነገር እንድታዪለት ያደርጋል?” ብትል ግማሽ ደቂቃ አይወስድባትም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች በሚገባ ፈትኖ ማዘጋጀት አንድ ሥራ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የመጣ መጠይቅ በቂ አይሆንም። የሚከብደው ሁለተኛው ነው። እናቲቱ ሦስቱንም “የለም” ብላ ብትመልስ ነርሷ የት ትልካታለች? የመስማት ምርመራ የሚገኝባቸው ሆስፒታሎች ጥቂት ናቸው፤ የአእምሮ ሐኪም ያለው ሩቅ ነው። መላኪያ በሌለበት ወላጅን አስደንግጦ መሸኘት ደግሞ አለመጠየቅ የተሻለ ነበር ያሰኛል። ዘጠኙ ስብሰባ በየወረዳው የሚሰጥ ከሆነ ግን፣ ልጁ ገና የምርመራ ስም ሳይወጣለት እናቲቱ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምራ የምትገባበት ቦታ ይኖራል። ሥልጠናው የተሠራው ደግሞ ስሙ እስኪታወቅ ሳይጠብቅ፣ በእድገት መዘግየት ብቻ እንዲጀመር ተደርጎ ነው።